አርተር ራምቦ፦ ከሐረር በቃሬዛ የወጣው ባለቅኔና ያልተነገረው የሐኪሞች ግምት

በጅቡቲ ከተማ እምብርት፣ ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ የተንጣለለውና ዛሬ በፖለቲከኛው ማሕሙድ ሐርቢ ስም የሚጠራው አደባባይ ለረጅም ዘመን የራምቦ አደባባይ ይባል ነበር። የፈረንሳይ የባህል ማዕከልም በከተማዋ ለዓመታት ይህንኑ ስም ይዞ ቆይቷል።

የስሙ ባለቤት አርተር ራምቦ ግን የጅቡቲ ከተማ ሰው አልነበረም። እሱ በባሕሩ ዳርቻና በሐረር መካከል ሲመላለስ ከተማዋ ገና በመቆርቆር ላይ ነበረች። የኖረባቸውና የነገደባቸው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ታጁራ፣ በስተደቡብ ያለችው ዘይላ እና በደጋው ላይ የተቀመጠችው ሐረር ናቸው።

ዓለም ራምቦን የሚያውቀው በለጋ ዕድሜው በጻፋቸው ግጥሞች ነው። የአፍሪካ ቀንድ ደግሞ በቡና፣ በዝሆን ጥርስና በጠመንጃ ንግዱ ያስታውሰዋል። ብዙም የማይወራለት የሕይወቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው፤ በ1891 መጀመሪያ በቀኝ ጉልበቱ ላይ የተሰማው ሕመም ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ለሞት ያበቃበት ታሪክ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱና ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚያ ወራት ስለ ሕመሙ ፍጻሜ አራት ግምቶች ተሰጥተዋል። የመጀመሪያው የራሱ ነበር። ሁለተኛው የኤደን ሐኪም፣ ሦስተኛው እግሩን የቆረጡት የማርሴይ ቀዶ ሐኪሞች፣ አራተኛው ደግሞ በመጨረሻ ያዩት ሐኪሞች ግምት ነው። ትክክል ሆኖ የተገኘው አራተኛው ብቻ ነበር። ለታማሚው ያልተነገረውም እሱ ብቻ ነው።

ብዕሩን የጣለው ወጣት

ራምቦ ጥቅምት ማለትም ኦክቶበር 20፣ 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ሻርልቪል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን ነበሩ፤ ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ቤተሰቡን ትተው ሄዱ። ልጆቹን ያሳደጓቸው ጥብቅና ቆጣቢ የነበሩት ባላገር እናታቸው ናቸው።

ራምቦ በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ የጻፋቸው ግጥሞች የፈረንሳይን ሥነ ግጥም አቅጣጫ ለወጡ። ከባለቅኔው ፖል ቬርሌን ጋር የነበረው ቁርኝትም በ1873 ብራስልስ ውስጥ በሽጉጥ ተኩስ ተቋጨ። ሃያዎቹን እንደጀመረ ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ዳግመኛም አልተመለሰበትም።

ከዚያ በኋላ እግሩ ወደመራው ሄደ። በኔዘርላንድስ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ደርሶ ከዳ። በቆጵሮስም ሠራተኞችን ተቆጣጠረ። በ1880 ክረምት የመን ዳርቻ ኤደን ወደብ ደርሶ ባርዴ በተባሉ ፈረንሳዊ የቡና ነጋዴ ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድርጅቱ ወደ ሐረር ላከው። ሐረር በዚያን ጊዜ በግብፅ ጦር ሥር ነበረች።

በሐረር ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫና የዝሆን ጥርስ ገዝቶ በግመል ወደ ባሕር ይልክ ነበር። የፎቶ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ራሱንና ከተማዋን ፎቶ አነሣ። ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባም በ1884 በፈረንሳይ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ።

በታጁራ የቆየበት ዓመት

በ1885 መገባደጃ ራምቦ ከድርጅቱ ተለይቶ ፒዬር ላባቱ ከተባለ በሸዋ ከሚነግድ ፈረንሳዊ ጋር ሽርክና ገባ። ውላቸው ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወደ 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃ ለማድረስ ነበር። መሣሪያው የሚነሣው ዛሬ የጅቡቲ ግዛት ከሆነችው ከታጁራ ነው።

የፈቃድ ክልከላና የግመል እጦት ነገሩን አጓተተው፤ በታጁራ ሙቀት አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ይህ ሳያንስ ላባቱ በካንሰር ታሞ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ በዚያውም ሞተ። ራምቦ ቀጥሎ ተስፋ የጣለበት መንገደኛው ፖል ሶሌዬም በኤደን በድንገት ሞተ። እናም በኦክቶበር 1886 ቅፍለቱን ብቻውን መርቶ በአሳል ሐይቅ በኩል ወደ ደጋው ወጣ።

አንኮበር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1887 ነው። ምኒልክ ከአንድ ወር በፊት በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋልና ጠመንጃውን የተረከቡት በእንጦጦ ነበር። ከዋጋው ላይ የላባቱ ዕዳ ተቀነሰ። ሌሎች አበዳሪዎችም እየመጡ ራምቦን ያዙት። ቀሪውን ገንዘብ የተቀበለው በሐረር ከተሾሙት ከመኰንን ወልደ ሚካኤል፣ ኋላ ራስ መኰንን፣ እጅ ነው።

ከ1888 ጀምሮ በሐረር የራሱን የንግድ ቤት ከፈተ። ስዊዘርላንዳዊው የምኒልክ ባለሟል አልፍሬድ ኢልግ የንግድ ሸሪኩና የደብዳቤ ወዳጁ ሆነ። ጃሚ የተባለው የሐረር ወጣትም ታማኝ አገልጋዩ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ጉልበቱን አመመው።

የመጀመሪያው ግምት፦ የደም ሥር ነው

በፌብሩዋሪ 1891 ሕመሙ ሲጀምር ራምቦ የገመተው የእግር ደም ሥር መቆጣትን ነው። ብዙ በእግሩ መሄዱን፣ ፈረስ መጋለቡንና የሐረርን አየር ምክንያት አደረገ። በከተማዋ የሚያየው ሐኪም ስላልነበረ እናቱ ለደም ሥር ሕመም የሚደረግ ጥብቅ ካልሲ ገዝተው እንዲልኩለት በደብዳቤ ጠየቀ።

ካልሲው የሚያድነው ሕመም አልነበረም። ጉልበቱ አበጠ፤ ከላይና ከታች ያለው ሥጋ ደግሞ ከሳ። ሌሊት እንቅልፍ አጣ። መቆም ሲያቅተው አልጋውን ግቢው በሚታይበት መስኮት አጠገብ አስደርጎ ሚዛኑንና ሠራተኞቹን ከዚያ ይቆጣጠር ጀመር። በመጨረሻም ንብረቱን በርካሽ ሸጦ ለመሄድ ወሰነ።

በሸራ የተሠራ ቃሬዛ ራሱ ነድፎ አሠራ። ኤፕሪል 7 ቀን አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ይዘውት ከሐረር ወጡ። እስከ ዘይላ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበቅሎ ለመቀመጥ ሞክሮ ሕመሙን አልቻለውም። ስንቅ የጫኑት ግመሎች ወደ ኋላ ቀርተው ያለ ምግብ፣ ያለ መጠለያ ዝናብ ሲወርድበት አደረ።

በመንገዱ በያዘው አጭር ማስታወሻ ውሎና አዳሩን መዝግቧል። ሲያወርዱት መሬት ላይ የጣሉትን ተሸካሚዎች አራት ጠገራ ብር መቅጣቱም ሰፍሮበታል። ከአሥር ቀናት በላይ ተጉዞ ዘይላ ሲደርስ በእንፋሎት መርከብ ጭነው ኤደን አወረዱት።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ግምት

በኤደን ሆስፒታል ያየው እንግሊዛዊ ሐኪም የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት ነው አለ። ወዲያው እግሩን ስለመቁረጥ ተናገረ፤ ቆይቶ ግን ጥቂት ቀናት በሕክምና ለመጠበቅ ወሰነ። ብግነት ሊበርድ ይችላልና ግምቱ ተስፋ ነበረው። እብጠቱ ግን አልበረደም። ራምቦ አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ በሜይ ወደ ፈረንሳይ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ።

ማርሴይ እንደደረሰ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ገባ። በዚያ ያሉት ሐኪሞች ዕጢ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። እናቱ በቴሌግራም ተጠርተው መጡ። በወሩ መጨረሻ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ፣ ወደ ታፋው ከፍ ብሎ ተቆረጠ።

ቁስሉ በፍጥነት ሻረ። ቀዶ ሐኪሞቹ በሥራቸው ረኩ፤ ታማሚው በክራንች መራመድና ሰው ሠራሽ እግር ማስለካት እንደሚችል ታሰበ። ሦስተኛው ግምት ይህ ነበር፤ ዕጢው ከእግሩ ጋር ሄዷል፣ የቀረው መለማመድ ነው።

ራምቦ በበኩሉ ሌላ አደጋ ያስጨንቀው ነበር። ያልፈጸመው ብሔራዊ የውትድርና ግዴታ ነበረና ባለሥልጣናት እንዳይዙት ፈራ። አንድ እግር ቀርቶት እንኳ ለእህቱ ለኢዛቤል በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ስለዚህ ደጋግሞ ጠየቃት። ከሐረርም የራስ መኰንን ደብዳቤ ደረሰው፤ እግሩ መቆረጡን ሰምተው ማዘናቸውን ገልጸውለታል።

ሐኪም የዕጢን ፍጻሜ በምን ያውቃል?

የ1891 ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው ዓይናቸው፣ ጣታቸውና ማይክሮስኮፕ ነው። የሰውን አጥንት ሳይከፍቱ ማየት የተቻለው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን በኖቬምበር 1895 ጨረሩን ካገኘ ወዲህ ነው። ራምቦ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

የኋላ ዘመን ሐኪሞችና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ሕመሙ ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ወደሚለው ያዘነብላሉ። ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚነሣው በጉልበት አካባቢ ነው። ዕጢው ገና ሳይታይ ሕዋሳቱ በደም ተጉዘው ሳንባና ሌሎች አጥንቶች ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። የቁስል መሻር ስለ ቀዶ ሕክምናው ይናገር እንደሆነ እንጂ ስለእነዚያ ሕዋሳት የሚናገረው ነገር የለም።

ኬሞቴራፒ በ1970ዎቹ ከመስፋፋቱ በፊት ለዚህ ካንሰር እግራቸው በጊዜ ከተቆረጠላቸው አምስት ታማሚዎች አራቱ ያህል ይሞቱ ነበር። ዛሬ ዕጢው ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ከሦስት ታማሚዎች ሁለቱ ገደማ ይተርፋሉ። ሐኪም የሚመዝናቸው ምልክቶችም ተለይተዋል፤ ዕጢው መሰራጨት አለመሰራጨቱ፣ መጠኑና ቦታው፣ በዙሪያው ጤነኛ ሥጋ ይዞ መውጣቱ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት በተሰጠው መድኃኒት ምን ያህሉ መሞቱ።

የዕጢን የወደፊት ጠባይ መተንበይ ዛሬም የሐኪሞች ፈተና ነው። በአንጎል ሽፋን ላይ የሚወጣው ሜኒንጂዮማ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። አብዛኛው ሜኒንጂዮማ ቀስ ብሎ የሚያድግና ገር ነው። ጥቂቱ ግን ኃይለኛ ሆኖ ወደ አንጎል ይገባል፤ ከተወገደም በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። ሁለቱን በምስል ብቻ መለየት ሁልጊዜ አይቻልም።

ስለዚህ ሐኪሞች መለኪያ አበጁ። በ1957 ዶናልድ ሲምፕሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም ዕጢው ምን ያህል ተጠርጎ እንደወጣ በአምስት ደረጃ መድቦ፣ የተረፈው በበዛ ቁጥር ተመልሶ የመብቀሉ ዕድል እንደሚጨምር አሳየ። የሥነ ደዌ ባለሙያዎችም በማይክሮስኮፕ የሚከፋፈሉትን ሕዋሳት ቆጥረው ዕጢውን ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ማዕረግ ያስቀምጡታል።

ከ2021 ወዲህ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ በዘር ቅንጣት ላይ የሚታዩ ለውጦችን ጨምሯል። ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ገር ቢመስሉም የተወሰኑ ለውጦች ከተገኙባቸው ዕጢው በቀጥታ ሦስተኛው፣ ማለትም እጅግ አደገኛው ማዕረግ ውስጥ ይገባል። የታማሚው ዕድሜና ከሕክምናው በፊት ያለው አቅምም ይመዘናል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚሰጠው ግን የብዙ ሰዎችን ዕድል እንጂ የአንድን ሰው ቀን አይደለም። ከመቶ ታማሚዎች ስንቱ አምስት ዓመት እንደሚደርስ መናገር ይቻላል። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ይህን ልዩነት ለታማሚ ማስረዳት ከሐኪም ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ በራምቦ የመጨረሻ ወራት የተጓደለውም ይኸው ነበር።

አራተኛው ግምት

ራምቦ ጁላይ 23 በባቡር ወደ ትውልድ አገሩ፣ ሮሽ ወደሚገኘው የእናቱ እርሻ ሄደ። በዚያ ዓመት በጋው ብርዳማና ዝናባማ ነበር። የተቆረጠው እግሩ ሥር ሕመም በረታበት፤ ቀኝ እጁም ቀስ በቀስ መታዘዝ አቃተው። ኢዛቤል ሌሊቱን የምታስተኛው ከፖፒ ተክል በተፈላ ሻይ ነበር።

ያም ሆኖ ሐሳቡ ሐረር ነበር። የሚያድነው ፀሐይና ሙቀት እንደሆነ አመነ። አንድ ወር እንደቆየ ከእህቱ ጋር ወደ ማርሴይ ተመለሰ፤ ዓላማው መርከብ ተሳፍሮ ኤደን መድረስ ነበር። ከባቡር እንደወረደ ግን የተወሰደው ወደዚያው ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ነው።

በዚህ ጊዜ ያዩት ሐኪሞች አልተጠራጠሩም። ካንሰሩ ተሰራጭቷል፤ ሞቱም የሳምንታት፣ ቢበዛ የወራት ጉዳይ ነው። ይህን የነገሩት ለኢዛቤል ነው። ወደ ራምቦ አልጋ ሲመለሱ ግን ስለ መዳን አወሩለት። ኢዛቤል ለእናቷ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ላይ ሁለቱንም ወሬ ታነባለህ፤ ለእሷ የተነገረውንና እሱ የሚሰማውን።

ሐኪሞቹን መውቀስ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የተለመደው ይኸው ነበር፤ ክፉ ወሬ ራሱ ታማሚውን ይገድለዋል ተብሎ ይታመናል። በእኛም ዘንድ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በጅቡቲ፣ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠራው የታማሚውን ወንድም ወይም ልጅ ሲሆን፣ ቤተሰብም ከደጅ አልቅሶ ፊቱን አብሶ ወደ ክፍሉ መግባቱ የታወቀ ነው። ለሞተ ሰው ዘመድ መርዶ በጥንቃቄ የሚነገርበት ባህል፣ ለሕያው ስለ ራሱ የሚነገርበትን ወግ አላበጀም።

መደበቅ ምሕረት ሊሆን ይችላል። ዋጋም አለው። ራምቦ ኑዛዜውን ሊያሰላ፣ የሐረር ሒሳቡን ሊዘጋ፣ የት እንደሚቀበር ሊናገር የሚችልበትን ጊዜ በመርከብ መነሻ ሰዓት ሲያስብ አሳለፈው። እያቃዠም ኢዛቤልን ጃሚ እያለ ይጠራት ነበር።

ኖቬምበር 9 ቀን ለመርከብ ድርጅት ዳይሬክተር የሚላክ ደብዳቤ ለእህቱ አስጻፈ። ሰውነቱ ሽባ መሆኑን ገልጾ፣ በስንት ሰዓት ተሸክመው መርከቡ ላይ እንዲያወጡት እንዲነገረው ጠየቀ። በማግስቱ ኖቬምበር 10፣ 1891 ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር። የሆስፒታሉ መዝገብ ምክንያቱን በመላ ሰውነት የተሰራጨ ካንሰር ብሎ ጻፈ።

አስከሬኑ ወደ ሻርልቪል ተወስዶ በጥቂት ሰዎች ፊት ተቀበረ። ለጃሚ እንዲሰጥ የተናዘዘው 3 ሺህ ፍራንክ ከጊዜ በኋላ ወደ ሐረር ተላከ። ገንዘቡ ሲደርስ ጃሚም በሕይወት አልነበረምና ወራሾቹ ተቀበሉት።

ራምቦ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1902፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከሐረር ደጋ ወደ ባሕር የሚወርድ ታማሚ አሥራ ስድስት ተሸካሚ መቅጠር አላስፈለገውም። ያ ባቡር ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ራምቦ ከዝናቡና ከቃሬዛው ሥቃይ ይድን ነበር፤ ከካንሰሩ ግን የሚያድነው ሕክምና ገና አልተገኘም ነበር። በማርሴይ በነበሩት ሐኪሞች እጅ የነበረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የሚያውቁትን ለባለቤቱ መንገር።